ቤት ከመከራየታችሁ በፊት የሰፈሩን ደህንነት እንዴት ትመዝናላችሁ? ለአዲስ አበባ ተከራዮች ዝርዝር መመሪያ

ደላላ ቤት ሲያሳይ ሦስት ነገር ይምላል፦ ውሃ አለ፣ ታክሲ ቅርብ ነው፣ ሰፈሩ ሰላም ነው። የመጀመሪያውን ቧንቧ ከፍታችሁ፣ ሁለተኛውን በእግራችሁ ሄዳችሁ ታረጋግጣላችሁ። ሦስተኛውን ግን አብዛኛው ተከራይ ዝም ብሎ ያምናል። እሱንም እንደ ቧንቧው ከፍቶ ማየት ይቻላል፤ የሚጠይቀው አራት ጉብኝት፣ አንድ ወረቀትና ትንሽ ድፍረት ነው።

ጊዜ መስጠቱ የሚያዋጣበት ምክንያት አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ይህ ተከራይን ከድንገተኛ “ውጣልኝ” ያድነዋል። በዚያው ልክ ግን ዕቃ አስገብታችሁ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አስመዝግባችሁ ስታበቁ መንገዱ እንደማይሆን ብታውቁ ዳግም መነሳቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠት በፊት ነው ሥራው።

የሰፈር ስም ያረጀ መረጃ ነው

“እዚያ ሰፈር ማታ አይኬድም” የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው የዛሬ አስር ዓመት ስለሰማው ነው። ፒያሳንና ካዛንቺስን ተመልከቱ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በፈረሳና በኮሪደር ልማት ምክንያት ነዋሪው ተነሳ፣ መንገዱ ሰፋ፣ መብራት ተተከለ። የድሮው ስም፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ አሁን ስላለው መንገድ ምንም አይነግራችሁም። በተቃራኒው፣ ስሙ የተከበረ ሰፈር ውስጥ ዋናው አስፋልት እንደ ቀን በርቶ፣ ከአስፋልቱ 80 ሜትር ገባ ስትሉ ግራ ቀኙ የግንባታ ቆርቆሮ የታጠረበት ጨለማ ኮሪደር ታገኛላችሁ።

ስለዚህ የምትመዝኑት ሰፈር አይደለም። የምትመዝኑት ከታክሲ መውረጃ እስከ ቤታችሁ በር ያለውን አንድ መንገድ፣ እናንተ በምትሄዱበት ሰዓት፣ ለአንድ ዓይነት ወንጀል ነው። መንገዱ፣ ሰዓቱና የወንጀሉ ዓይነት ሲለያዩ መልሱም ይለያያል፦

የኪስ ስርቆትና የሞባይል ንጥቂያ ግፊያ ይወዳል። የታክሲ ሰልፍ፣ ድልድይ፣ ገበያ መውጫ፣ የበዓል ዋዜማ የሱ ቦታና ሰዓት ናቸው። ሰው የበዛበት ቦታ ከማጅራት መቺ ያድናል እንጂ ከኪስ አውላቂ አያድንም።

ቤት ሰብሮ መግባት ደግሞ ፀጥታ ይፈልጋል። የጋራ መኖሪያ ቤት ከሆነ አደገኛው ሰዓት ሌሊት ሳይሆን ጠዋት ከ3 እስከ 9 ሰዓት ነው፤ ባልና ሚስት ሥራ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ግቢ ቤት ከሆነ ሐምሌና ነሐሴን ተጠንቀቁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጎረቤት ጓጉንቸር ሲሰበር አይሰማም፣ ብርዱም ጥበቃውን ከማማው አያስወጣውም።

የመኪና ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ባትሪና የውሃ ቆጣሪ ስርቆት የእኩለ ሌሊት ሥራ ነው። መኪና ከሌላችሁ ይህ ለናንተ ቀላል ይመስላል፤ ግን ስፖኪዮ በሰላም ፈትቶ የሚሄድ ሰው ያለበት መንገድ ማታ የሚያየው ሰው የለውም ማለት ነው።

በኃይል የሚፈጸም ዝርፊያ ከሌሎቹ ያነሰ ነው፤ ጉዳቱ ግን ይከብዳል። የሚመርጠው ሁለት ሰዓት ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላና ንጋት ከ10 እስከ 12 ሰዓት፣ ሰው ለሥራ ወይም ለቤተክርስቲያን በጨለማ ሲወጣ።

ወረቀት ላይ ከሁሉ አስቀድማችሁ ጻፉ፦ ከቤታችን ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ይዞ ይገባል ይወጣል? የማታ ተማሪ ያለባት ቤትና ጡረተኛ ብቻ ያለባት ቤት አንድ ዓይነት መንገድ አያስፈልጋቸውም።

አራት ጉብኝት

ደላላ ቤት የሚያሳየው ቅዳሜ ቀን 5 ሰዓት ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት መጥፎ የሚመስል መንገድ የለም። እናንተ ብቻችሁን ወይም ከአንድ ሰው ጋር ሆናችሁ ተመለሱ። አንደኛው በሥራ ቀን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይሁን (ግቢው ስንት ሰው ይቀረዋል?)፣ ሁለተኛው ከምሽቱ 12:30 እስከ 2 ሰዓት፣ ሦስተኛው ቅዳሜ ማታ ወደ 3 ሰዓት ግድም፣ አራተኛው እሁድ ከሰዓት። አንዱን ብቻ የምትችሉ ከሆነ የሁለተኛውን አትዝለሉ። በአዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት እስከ 12:50 ባለው ውስጥ ስለሆነ፣ አብዛኛው ሠራተኛ ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤቱ የሚሄደው ልክ ሲጨልም ነው።

የሦስተኛውን ጉብኝት ስታደርጉ ስልኩን ቤት አስቀምጣችሁ፣ የመመለሻ ትራንስፖርት አስቀድማችሁ አዘጋጅታችሁ ሂዱ። መንገዱ ገና ከመነሻው ልብ ካስደነገጠ አትግፉበት፤ መልሱን አግኝታችኋል።

ከታክሲ መውረጃው ጀምራችሁ እስከ በሩ ድረስ እርምጃ እየቆጠራችሁ ሂዱ። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር አስምሩና በየመቶ እርምጃው አራት ነገር ምልክት አድርጉ።

መብራት። ምሰሶ አትቁጠሩ፤ የሚበራውን ቁጠሩ። በሁለት የሚበሩ መብራቶች መካከል ከ60 እርምጃ (ወደ 40 ሜትር) በላይ ጨለማ ካለ ቀይ ምልክት ነው። ከመብራቱ ቁጥር የሚበልጠው ፈተና ደግሞ ፊት መለየት ነው፦ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ፊት ከ10 ሜትር ርቀት፣ ማለትም ከ15 እርምጃ ላይ ትለያላችሁ? ከ6 እርምጃ ውስጥ ካልሆነ የማይለይ ከሆነ ለመሸሽም ሆነ ሰላም ለማለት ጊዜ የለም። ብዙ መንገድ በዚህ ፈተና የሚወድቀው መብራት ስለሌለው ሳይሆን ባህር ዛፍ ወይም የማስታወቂያ ሰሌዳ ስለጋረደው ነው። ጉብኝታችሁ ከመብራት መጥፋት ጋር ከገጠመ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ የመንገዱን እውነተኛ መልክ ታያላችሁ።

ክፍት በር። ሱቅ፣ ጀበና ቡና፣ ፑል ቤት፣ ጋራዥ፣ ዳቦ ቤት። አንድ ቀጥተኛ ምክር፦ መጠጥ ቤት ስታዩ አትደንግጡ፣ ምን ሰዓት እንደሚዘጋ እዩ። እስከ 3 ሰዓት ድረስ ሰው በረንዳው ላይ የሚቀመጥበት ግሮሰሪ መንገዱን ይጠብቃል፤ ሰካራም በ6 ሰዓት የሚያፈስ ቤት ግን ለሚያልፍ ሁሉ ጣጣ ነው።

ዓይን የሌለው ግድግዳ። የፋብሪካ አጥር፣ የግንባታ ቆርቆሮ፣ ባዶ ቦታ፣ የወንዝ ዳር። ርዝመቱን በእርምጃ ጻፉ። ከ100 እርምጃ በላይ ግራና ቀኙ ዝግ ከሆነ በዚያ መሃል የሚጮህ ሰው ማንም አይሰማውም።

ማምለጫ። ሌባ የሚመርጠው ቀጭን ቅያስ ያለበትን ነው፤ ነጥቆ በሦስት ሰከንድ የሚሰወርበትን። ከቅያሱ ወዲያ ምን እንዳለ ቀን ሄዳችሁ እዩ።

ሞተር ሳይክልን በተመለከተ፣ ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በሞተር የሚፈጸም ንጥቂያ ሲበዛ ገደብ ጥላለች፤ የተፈቀደላቸው ግን አሁንም ይሄዳሉ። መኪና በቀኝ በሚሄድበት አገር ከመንገዱ ግራ በኩል ብትሄዱ የሚመጣው ሁሉ በፊታችሁ ይመጣል። ስልኩ በግድግዳው በኩል ባለው እጅ ይሁን። በቀኝ ጠርዝ ከኋላ እየመጣ ያለውን ሞተር ሳያዩ ስልክ ጆሮ ላይ አድርጎ መሄድ ስጦታ መስጠት ነው።

ሰፈሩ ራሱ የሚናገረው

ነዋሪው የሚፈራውን ነገር በብረትና በሽቦ ይጽፈዋል። የቆሙ መኪኖችን ስፖኪዮ እዩ፦ በብረት ማሰሪያ ከተበሳና ከተቸነከረ፣ የሰሌዳ ቁጥሩ መስተዋቱና መብራቱ ላይ ከተጻፈ የመኪናው ባለቤት አንዴ ተሰርቆበታል፣ ወይም የጎረቤቱን አይቷል። አንድ መኪና ብቻ ከሆነ ሌላ ቦታ የደረሰበት ሊሆን ይችላል፤ ከአስሩ ሰባቱ እንደዚያ ከሆኑ ግን ነገሩ የሰፈሩ ነው። የውሃ ቆጣሪው በብረት ሳጥን ተቆልፏል ወይስ ተጋልጦ ቆሟል? የቦይ ክዳኖች አሉ ወይስ በድንጋይና በጎማ ተተክተዋል?

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስትገቡ ከሁሉ የምንወደው ማስረጃ የታጠበ ልብስ ነው። ኮሪደር ላይ ማንም ሳይጠብቀው ጂንስና አንሶላ ተሰጥቶ፣ በር ላይ የልጅ ጫማ ተደርድሮ ካያችሁ ያ ፎቅ እርስ በርስ ይተዋወቃል። ልብስ ሁሉ በረንዳ ውስጥ፣ ጫማ ሁሉ ከበር ጀርባ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ሆኗል። ስንት በር በውጭ ጓጉንቸር እንደተቆለፈ ቁጠሩ። ዕጣ ወጥቶባቸው ሰው ያልገባባቸው ቤቶች የበዙበት ብሎክ ከዳር ባሉ ሳይቶች ላይ የተለመደ ነው፤ ከአንድ ፎቅ ቤቶች ሲሶው ባዶ ከሆነ ቀን ላይ የሚሰማ ጆሮ የለም።

የሽቦ አጥርና የጠርሙስ ስብርባሪ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ በዚህ ከተማ ግንብ ያለው ሁሉ ያደርገዋል።

ማንን፣ እንዴት ትጠይቃላችሁ?

“ሰፈሩ ሰላም ነው?” ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ አንድ ነው፦ “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም የለም።” ሰው ሰፈሩን ለማያውቀው አያማም፣ ደግሞም ለምን እንደምትጠይቁ አያውቅም። ስለ ሰዓትና ስለ ገንዘብ ጠይቁ፤ እሱን ማንም አይደብቅም። ጀበና ቡና ላይ ተቀመጡና ወሬው እንዲህ ይሂድ፦

“እህት፣ ማታ እስከ ስንት ሰዓት ትቆያለሽ?”

“ድሮ እስከ ሦስት ነበር። አሁን አንድ ተኩል ላይ አነሳለሁ።”

“ምነው?”

“የዚያ ማዶ መብራት ከጠፋ ወዲህ ሰው ቶሎ ይገባል። ለማን ላፍላ?”

በሁለት ጥያቄ የጠፋውን መብራት፣ የቀረውን ሰውና ሰዓቱን አገኛችሁ። ባለሱቁን ደግሞ “ጋሼ፣ በሩን ዘግተው በመስኮት ብቻ መሸጥ የሚጀምሩት ከስንት ሰዓት ነው?” በሉት። የመኪና ጥበቃውን “ውጭ ማሳደር በሌሊት ስንት ነው?” በሉት፤ ዋጋውን ከነገራችሁ በኋላ ለምን እንደሚያስፈልግ ራሱ ይተርክላችኋል። ተራ አስከባሪውን የመጨረሻው ታክሲ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ጠይቁ። የሰፈር እድር ሰብሳቢ ካገኛችሁ ለጥበቃ በወር ስንት እንደሚዋጣና መቼ እንደተጀመረ ጠይቁ፤ የመዋጮው መጀመሪያ ወር ብዙውን ጊዜ የአንድ ስርቆት ማግስት ነው።

ቢያንስ አምስት ሰው ጠይቁ፣ ከአምስቱ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ። ወንዶች “ምንም የለም” የሚሉትን መንገድ ሴቶች ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የማይሄዱበት ሆኖ ማግኘት የተለመደ ነው። ባለቤቱንና ደላላውን ከቁጥሩ አውጧቸው።

ከዚያ የወረዳውን ፖሊስ ጣቢያ እዩ፤ የአካባቢውን የማህበረሰብ ፖሊስ ጠይቁ። “እዚህ ልከራይ ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?” የሚለው ጥያቄ ከ“ወንጀል አለ ወይ?” ይሻላል። የስልክ ቁጥሩን ውሰዱ። 991 የከተማው ፖሊስ ነፃ መስመር ነው፤ ግን አቅጣጫ ለማስረዳት የምታጠፉትን ጊዜ የቀጠናው ባልደረባ አያስፈልገውም፣ “ከዳቦ ቤቱ ጀርባ” ስትሉት ያውቀዋል።

ቤቱ ራሱ

ሰፈሩ አለፈ እንበል። ቁልፉን ስትረከቡ ከናንተ በፊት ያንን ቁልፍ የያዙትን ቁጠሩ፦ ባለቤት፣ ደላላ፣ ያለፈው ተከራይ፣ ቀለም ቀቢው። ስለዚህ ዕቃ ከመግባቱ በፊት ሲሊንደሩ ይቀየር። ሥራው አስር ደቂቃ ነው፣ ሰው መጥራት አያስፈልገውም።

በሩን ክፈቱና በጠርዙ ላይ፣ ከምላሱ በታች ያለውን ረጅም ብሎን በካቻቪቴ ፍቱ። ቁልፉን አስገቡና ትንሽ ብቻ፣ የሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ ሁለት ሦስት ደቂቃ የሚሄደውን ያህል አዙራችሁ ሳቡ። ካልወጣ ብሎኑ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም ወይም ቁልፉ በዝቶ ዞሯል፤ በመዶሻ አትምቱት። ሲወጣ ከብሎኑ ቀዳዳ መሃል እስከ ሁለቱ ጫፎች ለየብቻ ለኩ፤ 30 በ30 ወይም 30 በ40 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ናቸው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ “ትልቁን ስጠኝ” ይልና በውጭ በኩል አንድ ሳንቲ ሜትር የሚወጣ ይገዛል። የወጣውን ጫፍ በፒንሳ ይዞ መስበር ቀላል ነው። ከሳህኑ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በላይ መውጣት የለበትም። በአዲሱ ምክንያት ባለቤቱ ቅር እንዳይለው አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ አሮጌውን አስቀምጡና ስትወጡ መልሳችሁ ግጠሙ።

ጓጉንቸር የምትጠቀሙ ከሆነ የሚሰበረው ጓጉንቸሩ አይደለም፣ የተንጠለጠለበት ቀለበት ነው። ቀለበቱ በአራት ትንንሽ ብሎን ከተያዘ በበያጅ ማስበየድ ይገባል። ማጠፊያው በውጭ በኩል የሆነ በር ከሆነ ፒኑ ተመትቶ ስለሚወጣ ጫፉን አስበይዱት።

የመስኮት ፍርግርግ ብረት ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ላይ ግድ ነው፤ የመጨረሻው ፎቅ ላይም ከጣሪያ መውረድ ስለሚቻል እዩት። ነገር ግን በመኝታ ቤት ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ ቁልፉም ከመስኮቱ አንድ ክንድ ርቀት፣ ከውጭ እጅ በማይደርስበት ቦታ ይሰቀል። ሌባ የፈራ ሁሉ ቤቱን ሙሉ በብየዳ ዘግቶ ከእሳት የሚወጣበት ያጣል። የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ 939 ነው፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907።

የደረጃው አምፖል ተቃጥሎ ከሆነ ማን ይግዛ በሚል ሁለት ወር አትከራከሩ። ግዙና አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ነው የጎረቤት ስብሰባ መጥራት የሚያምርባችሁ።

የጥበቃ መዋጮ ለምን ይከሽፋል?

አዲስ ሰፈር ስትገቡ በመጀመሪያው ሳምንት የመዋጮ ጥያቄ ይመጣል። ክፈሉ፤ ግን ሒሳቡን ጠይቁ። አብዛኛው የጥበቃ ስምምነት የሚፈርሰው በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ሲሆን ምክንያቱ የሰው ክፋት ሳይሆን የተሳሳተ ስሌት ነው።

አንድ ጥበቃ ሌሊቱን ሙሉ ከ12 እስከ 12 ሰዓት፣ በሳምንት ሰባት ቀን ቢቆም 84 ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ያደረገው ሰውነት ስለማይችል ነው። ቀን ሌላ ቦታ የሚሠራ አንድ ሰው ቀጥራችሁ ተኝቶ ብታገኙት የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ። ሁለት ሰው ይፈራረቅ። የሁለቱን ደመወዝ፣ የባትሪ፣ የፊሽካና የዝናብ ልብስ ወጪ ደምሩና በአባወራው ቁጥር ሳይሆን በሚከፍለው ቁጥር አካፍሉ። ለምሳሌ ወርሃዊ ወጪው 15,000 ብር፣ አባወራው 60 ቢሆን ለ60 ስታካፍሉ 250 ብር ይመጣል፤ ግን ሁልጊዜ የሚዘገይ ስለማይጠፋ ለ50 አካፍላችሁ 300 ብር አድርጉት። የተረፈው ለአምፖል ይሆናል።

ጥበቃ ስትቀጥሩ መታወቂያና ተያዥ ያዙ፤ የተያዡን አድራሻ ሄዳችሁ እዩ፣ በወረቀት ብቻ የሚያምር ተያዥ ብዙ ነው። በየስንት ሰዓቱ የት የት እንደሚዞር፣ አንድ ነገር ሲያይ መጀመሪያ ፊሽካ ቀጥሎ ስልክ እንጂ ብቻውን እንዳይጋፈጥ ተጽፎ ይሰጠው።

አንድ ነገር ቢደርስ

ቤቱ ተሰብሮ ካገኛችሁት አትግቡ፤ ሰውየው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ወደ ጎረቤት ሄዳችሁ 991 ደውሉ። ፖሊስ እስኪመጣ በሩን፣ መሳቢያውን፣ የተጣለውን ብረት አትንኩ። ጎረቤት ሊያጽናና ሲገባ አሻራ ሁሉ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ማመልከቻ የምታስገቡት ድርጊቱ በተፈጸመበት አካባቢ ጣቢያ እንጂ በምትኖሩበት አይደለም። ቃል ስትሰጡ ኃይል ወይም ዛቻ ካለ በግልጽ ተናገሩ። በወንጀል ሕጉ ስርቆት በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆት በ669፣ ውንብድና በ670 የተለያዩ ናቸው፤ “ገፍቶኝ፣ በስለት አስፈራርቶኝ ነው የወሰደው” የሚለው ቃል ከቀረ መዝገቡ በቀላል ስርቆት ብቻ ይከፈታል። የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ጽፋችሁ ያዙ።

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ዋስትናም ሊፈቀድለት ይችላል። ሌባውን በሳምንቱ ሰፈር ውስጥ ብታዩት ጉዳዩ አልቋል ማለት አይደለም። የሚያልቀው ምስክር “ሥራ አለብኝ” ብሎ ሲቀር ነው። እጅ ከፍንጅ ቢያዝም አታስደብድቡት፤ ተበዳይ ሆኖ ጀምሮ ተከሳሽ ሆኖ የጨረሰ አለ።

ስልክ ከሆነ የተወሰደው ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ በሌላ ስልክ ቴሌብርን በ127 አሳግዱ፣ ሲም ካርዱን በ994 አዘጉ፣ ወደ ባንካችሁ ደውሉ፣ ከዚያ ወደ ጣቢያ። ብዙ ሰው ጣቢያ ሮጦ ሲሰለፍ ሌባው በዚያች ግማሽ ሰዓት ሲሙን ሌላ ቀፎ ውስጥ ከትቶ በሚመጣለት የማረጋገጫ ቁጥር ሒሳቡን ይከፍታል። ዛሬውኑ ሁለት ነገር አድርጉ። በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ለሲም ካርዱ የራሱን ፒን አብሩ፤ የስክሪን ቁልፍ ሲሙ ከወጣ በኋላ አይከላከልም። ቀጥሎ *#06# ደውላችሁ የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ሳይሆን ቤት በሚቀር ደብተር ላይ ጻፉ፤ ሁለት ሲም የሚወስድ ስልክ ሁለት ቁጥር ያሳያል፣ ሁለቱንም ያዙ።